በላይ የቆለፈውን በላይ ይክፈተው

ከመጀመሬ በፊት እያንዳንዳችሁ ስማችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ያዛችሁ? «ይዘናል» በሉኝ እንጂ! እንዲያ ነው። ወድጄ አይደለም የማስቸግራችሁ፤ ዛሬ የምወስዳችሁ አገር ስም የሚምታታበት አገር ነው።

አገሩ በላይ በር ይባላል። ከበላይ በር ጀርባ ያለው ተራራ የበላይ ተራራ ነው። ከተራራው ሥር የሚፈልቀው ውኃ የበላይ ምንጭ ነው። ወንዙን የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ የበላይ ድልድይ ነው። ሰዉስ? ሰዉም በላይ ነው። ወንድ ሲወለድ በላይ፣ ሴት ስትወለድ በላይነሽ። ለምን ቢሉ፣ በጥንት ዘመን በላይ የሚባል ሰው በሩን ብቻውን ጠብቆ አገሩን አዳነ ይላሉ። ሌሎቹ የለም፣ ዋናው በላይ ድልድዩን የገነባው ነው ይላሉ። አንድ ሰው ደግሞ ተነስቶ፣ «በላይ የሚባል ሰው ኖሮም አያውቅ፤ በሩ ከላይ በኩል ስለሆነ ነው» አለ። ያ ሰው እስከ ዛሬ በላይ በር ውስጥ ምሳ የሚጋብዘው አላገኘም።

ሌላ አገር ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሲገናኙ «ሞክሼ!» ተባብለው ይሳሳማሉ። ሞክሼ እኮ ዘመድ ነው። በላይ በር ውስጥ ግን ሞክሼ የሚል ቃል ከሰው አፍ አይወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአያት በቅድመ አያት ጊዜ የንጉሥ መልእክተኛ መጥቶ «በላይ ይዝመት!» ብሎ አወጀ። በላዮች ሁሉ እርስ በርሳቸው ተጠቋቆሙ። «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው!» «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ያኛው ነው!» መልእክተኛው ሦስት ቀን ሙሉ የቱ በላይ እንደሆነ ሲጠይቅ ሰንብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በላይ በላይን አያምንም። «ያን ቀን ወደ አያቴ የጠቆመው የሱ አያት ነው» እያሉ ቂሙን እንደ ርስት ይወራረሱታል። «በላይ» የሚል ድምፅ ሲሰሙ «አቤት» አይሉም፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «የቱ በላይ?» ይላሉ።

በዚህ አገር ይርገዱ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከሩቅ አገር በትዳር የመጣች ናት። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ስሙን ልንገራችሁ ወይስ አወቃችሁት? ይርገዱ ያላት አንዲት አህያ ብቻ ናት። በአህያዋ ከበላይ ምንጭ ውኃ እየጫነች ለሰፈሩ ታደርሳለች፤ በዚያው ትኖራለች። አህያዋ አርጅታለች። ይሁን እንጂ ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ማንም ሳይጠብቃት፣ አንዲት ውርንጭላ ወለደች። ከእንግዲህ አትወልድም። ይርገዱ ያቺን እግረ ቀጭን ውርንጭላ ባየች ቁጥር የምታየው የራሷን የሚቀጥሉትን ዓመታት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ይርገዱ ጀሪካኗን ስትሞላ አህያዋ የምንጩን አጥር ገፍታ ገባች። አጥሩ አዲስ ነው። ዘበኛውም አዲስ ነው፤ ከቆላ አገር ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ዘበኛው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣና አህያዋን ጎትቶ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገብቶ ቆለፈባት። ውርንጭላዋ በእግሮቹ መሀል ሾልካ አመለጠች። እናቲቱ ውስጥ ቀረች፣ ልጅቱ ውጭ ቀረች።

«ኧረ ጋሼ ዘበኛ! ክፈትልኝ እባክህ፤ ውርንጭላዋ ገና አልጠባችም!» አለች ይርገዱ።

«አይከፈትም።»

«ማነው አይከፈት ያለው?»

ዘበኛው ደረቱን ነፋ። «በላይ!»

«የቱ በላይ?»

ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «በላይ ስንት ነው? በላይ አንድ ነው! በላይ የቆለፈውን በላይ ይከፍተዋል። ሂጂ ከዚህ!» ብሎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ጀርባውን ሰጣት።

ይርገዱ ጠረጠረች። አንድ ትልቅ ሰው ከበስተጀርባ አለ ማለት ነው። ያለዚያማ አንድ ዘበኛ ከየት አምጥቶ እንዲህ ደረቱን ይነፋል?

ዘበኛው አልከፍትም አለ፤ ዘበኛው ካልከፈተ አህያዋ አትወጣም፤ አህያዋ ካልወጣች ውርንጭላዋ አትጠባም። ውርንጭላዋም ጡት ጡት አለች።

ይርገዱ ወደ ጸሐፊው በላይ ሄደች። ጸሐፊው የቀበሌው ወረቀት ሁሉ በእጁ የሚያልፍ ሰው ነው፤ እጁ ላይ ቀለም፣ ልቡ ላይ ጥርጣሬ አያጣም። መስኮቱን ግማሽ ከፍቶ በአንድ ዓይኑ አያት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ማንም ያልላከው ሰው እዚህ አይመጣም። ተናገሪ!»

«አህያዬ ተቆልፎባት ነው። ዘበኛው በላይ ነው ያዘዘኝ አለ። አንተ ከሆንክ ክፈት በልልኝ፤ ይቺን ውርንጭላ እያት።»

ጸሐፊው ውርንጭላዋን አላየም። ጀርባዋን፣ ከጀርባዋ ያለውን መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን አጥር ነው ያየው። «በስሜ ማን አዘዘ?» እያለ መዝገቡን ገለጠ። መዝገቡ ላይ «ዘበኛ፦ አንድ። ቁልፍ፦ አንድ። የቆርቆሮ ቤት፦ አንድ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም።

«እኔ አላዘዝኩም!» አለ። «አሁን ግን ይከፈት ብዬ ብጽፍ፣ ያስቆለፈው እሱ ስለነበር ነው ይሉኛል። ወጥመድ ነው ይሄ። ዳኛው በላይ ይፈርም፤ እሱ ከፈረመ እጽፋለሁ። እሱን ግን እንዳታምኚው!» መስኮቱም ተዘጋ።

ጸሐፊው አልጽፍም አለ፤ ጸሐፊው ካልጻፈ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ አህያዋ አትወጣም፤ አህያዋ ካልወጣች ውርንጭላዋ አትጠባም። ውርንጭላዋም ጡት ጡት አለች።

ይርገዱ ወደ ዳኛው በላይ ሄደች። ዳኛው ከቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰው ከኋላው እንዳይመጣበት ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፏል።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ጸሐፊው ልኮኝ ነው። እርስዎ ይፈርሙ ብሏል።»

«አሃ!» አለ ዳኛው፣ ቀና ብሎ። «እንድፈርም ፈለገ? ለምን ፈለገ?»

«አህያዬ እንድትወጣ ነዋ።»

«አህያ ሰበብ ናት፣ ይርገዱ። አንቺ የዋህ ነሽ፣ አይገባሽም። ከአህያ በስተጀርባ ሁልጊዜ ሰው አለ።»

«ከዚህች በስተጀርባ ያለችው ውርንጭላዋ ናት፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ውርንጭላዋን አየት አደረጋት፤ እሷም የአግዳሚውን እግር ጡት መስሏት ልትጠባ ትሞክር ነበር። ትንሽ ራራ። ትንሽ ራርቶ ወዲያው ራሱን ያዘ። «አህያ የሚቆለፍባት አዝመራ ስትበላ ነው። ከምንጩ አጠገብ አዝመራ ያለው አትክልተኛው በላይ ነው። ጎመኔን አልበላችም ብሎ ይመስክር፤ ያኔ እፈርማለሁ። ሳይመሰክር ብፈርም፣ ዳኛው አደላ እያለ አገር ለአገር ይዞርብኛል። ሂጂ፤ እሱን ግን እንዳታምኚው!»

ዳኛው አልፈርምም አለ፤ ዳኛው ካልፈረመ ጸሐፊው አይጽፍም፤ ጸሐፊው ካልጻፈ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ አህያዋ አትወጣም፤ አህያዋ ካልወጣች ውርንጭላዋ አትጠባም። ውርንጭላዋም ጡት ጡት አለች።

አትክልተኛው በላይ ጎመኑ መሀል ቁጢጥ ብሎ አረም ይነቅላል። ክፉ ሰው አይደለም። ይርገዱ የመጣችበትን ስትነግረው ተነስቶ ጎመኑን እየዳበሰ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«አንድ ቅጠል አልተነካም» አለ።

«ተመስገን! በል እንዲያ ብለህ መስክርልኝ።»

«አልመሰክርም።»

«ምነው? አሁን በዓይንህ አየህ አይደል?»

«ማየቱንማ አየሁ።» ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጎመኑ ራሱ የሚሰማ ይመስል። «ይሄ ዳኛ እኔን እዚህ ውስጥ ያስገባው በከንቱ አይደለም። ይሄ መሬት 'የበላይ መስክ' ይባላል። እኔ የአያቴ የበላይ ነው እላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ በጥንት ዘመን ለደብሩ የሰጠው ሌላ በላይ ነው ይላል። አሁን 'ጎመኔ አልተበላም' ብል፣ 'ጎመኔ' አልክ፣ መሬቱን የራስህ አደረግህ ብለው ይይዙኛል። 'ጎመኑ አልተበላም' ብል ደግሞ፣ የራስህ እንዳልሆነ አመንክ ይሉኛል። ታያለሽ ተንኮሉን?»

ይርገዱ ተንኮሉን አላየችም። ያየችው ውርንጭላዋን ነው። አትክልተኛው አንድ ለስላሳ የጎመን ቅጠል ቀንጥሶ አፏ ላይ አደረገላት። ጥርስ የላት፣ ማኘክ አታውቅ፤ ቅጠሉ ከአፏ ወደቀ። ጎረቤቱ የላም ወተት በጣሳ አመጣች። ይርገዱ ጣቷን እየነከረች ብታቀርብላት ውርንጭላዋ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እሷ የምትፈልገው የእናቷን ነው።

«መርጌታው በላይ መጽሐፍ አላቸው» አለ አትክልተኛው፣ ዓይኑን ከውርንጭላዋ እያሸሸ። «መስኩ የየትኛው በላይ እንደሆነ ይናገሩ፤ እኔም እመሰክራለሁ። እሳቸውንም ግን እንዳታምኛቸው!»

አትክልተኛው አልመሰክርም አለ፤ አትክልተኛው ካልመሰከረ ዳኛው አይፈርምም፤ ዳኛው ካልፈረመ ጸሐፊው አይጽፍም፤ ጸሐፊው ካልጻፈ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ አህያዋ አትወጣም፤ አህያዋ ካልወጣች ውርንጭላዋ አትጠባም። ውርንጭላዋም ጡት ጡት አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኗል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከድልድዩ ማዶ ነው። ውርንጭላዋ ድልድዩ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና ተቀመጠች። ይርገዱ ነጠላዋን ፈታች፤ ውርንጭላዋን እንደ ሕፃን ጀርባዋ ላይ አዘለቻት። አራት እግር ከግራና ከቀኝ ተንጠለጠለ። አትሳቁ! ያያት ሁሉ ግን ስቋል። እሷ አልሰማቻቸውም፤ የምትሰማው ከማጅራቷ ላይ የሚመጣውን ትንሽ ትንፋሽ ነበር።

መርጌታ በላይ ከጥድ ሥር ተቀምጠው ያነባሉ። «በላይ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጽሐፉን ድም አድርገው ዘጉት።

«ማን ላከሽ፣ ልጄ?»

«አትክልተኛው፣ የኔታ። የበላይ መስክ የየትኛው በላይ እንደሆነ ይንገሩኝ ብሎ ነው። አህያዬ ተቆልፎባት ነው።»

«አህያሽ ጀርባሽ ላይ አይደለችም እንዴ?»

«ይቺ ልጅዋ ናት፣ የኔታ።»

መርጌታው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ስሚ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በላይ በረኛው አለ፤ በሩን የጠበቀ። በላይ ግንበኛው አለ፤ ድልድዩን የሠራ፣ አምስት ጊዜ ፈርሶበት በስድስተኛው የጸናለት። በላይ ፈረሰኛው አለ፤ ከፈረሱ በቀር ማንንም የማያምን። በላይ ስመ ብዙው አለ፤ በሄደበት አገር ሁሉ ሌላ ስም የሚያወጣ፣ ሲሞት ግን በላይ ብላችሁ ቅበሩኝ ያለ። አንደኛው መስኩን ሰጥቷል። የቱ እንደሆነም አውቃለሁ። ብናገር ግን የቀሩት ሦስቱ ዘሮች ነገ ደጄ ላይ ናቸው። አትክልተኛው ይሄን እያወቀ ነው የላከሽ። አልናገርም።»

«የኔታ፣ ይቺ ውርንጭላ እስከ ማታ አትቆይም።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ከበላዮች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ተራራው አናት ላይ ያሉት እማሆይ በላይነሽ ናቸው። እሳቸው ተናገር ካሉኝ እናገራለሁ። እሳቸው ካሉ ማን አፍ አለው? ታዲያ...» አሉና በግራ በቀኝ አዩ። «እሳቸውንም ቢሆን አደራ፣ ሁሉን አትንገሪያቸው።»

መርጌታው አልናገርም አሉ፤ መርጌታው ካልተናገሩ አትክልተኛው አይመሰክርም፤ አትክልተኛው ካልመሰከረ ዳኛው አይፈርምም፤ ዳኛው ካልፈረመ ጸሐፊው አይጽፍም፤ ጸሐፊው ካልጻፈ ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ አህያዋ አትወጣም፤ አህያዋ ካልወጣች ውርንጭላዋ አትጠባም። ውርንጭላዋም ጡት አለች። አንዴ ብቻ።

ይርገዱ ተራራውን ወጣች። እማሆይ በላይነሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ጆሯቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልደከመም። የዚያን አገር በላይ ሁሉ ያዋለዱት እኒህ እጆች ናቸው። ይርገዱ ውርንጭላዋን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና ከመጀመሪያው እየጮኸች ነገረቻቸው።

«መርጌታው አልናገርም አሉ!» ብላ ጮኸች። «እርስዎ ይፍቀዱ ብለው! አትክልተኛው አልመሰክርም አለ፤ መርጌታው ይናገሩ ብሎ! ዳኛው አልፈርምም አለ፤ አትክልተኛው ይመስክር ብሎ! ጸሐፊው አልጽፍም አለ፤ ዳኛው ይፈርም ብሎ! ዘበኛው አልከፍትም አለ፤ በላይ ይዘዝ ብሎ! አህያዬ ተቆልፎባታል፤ ውርንጭላዬ ልትሞትብኝ ነው!» እዚህ ላይ ስትደርስ አልቻለችም፣ አለቀሰች።

እማሆይ ውርንጭላዋን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ሆዷን፣ ጆሮዋን፣ እግሯን። «መርጌታውን ተናገር ብለውሃል በይው። አትክልተኛውን መስክር፣ ዳኛውን ፈርም፣ ጸሐፊውን ጻፍ በያቸው። እምቢ የሚል ካለ፣ ሲወለድ ምን እንዳደረገ ለአገሩ ሁሉ እናገራለሁ ብለዋል በይው። አራቱንም በእጄ ነው የተቀበልኳቸው። አልረሳሁም።»

«እሺ፣ እማሆይ።»

«ቆይ እስቲ። ዘበኛውስ?»

«ዘበኛው ምን?»

«ስሙ ማነው? እሱን እኔ አላዋለድኩትም።»

ይርገዱ ግራ ገባት። «ዘበኛው ነዋ፣ እማሆይ።»

«እናቱ ዘበኛ ብላ ነው ስም ያወጣችለት?» አሉና ባቄላቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

ይርገዱ ቁልቁል ሮጠች። እማሆይ አዘዙ፤ መርጌታው ተናገሩ። (መስኩን ለደብሩ የሰጠው ግንበኛው ነው። የሦስቱ ዘሮች በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ አይነጋገሩም፤ ድሮም አይነጋገሩም ነበር።) መርጌታው ተናገሩ፤ አትክልተኛው መሰከረ። አትክልተኛው መሰከረ፤ ዳኛው ፈረመ። ዳኛው ፈረመ፤ ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተምም ሁለት ጊዜ ረገጠበት። አንዱ በላይ ሌላውን ምን ሊያደርግ ይሆን ብሎ ስለጠረጠረ አራቱም ተከታትለው ወደ ምንጩ ወረዱ። ማንም ወደ ኋላ መቅረት አልፈለገም፤ ማንም ከፊት መሆንም አልፈለገም።

ዘበኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳው። ገለበጠው። አሸተተው።

«ጸሐፊ በላይ፣ ዳኛ በላይ፣ ምስክር በላይ፣ መርጌታ በላይ፣ ከላይ ደግሞ በላይነሽ» ብሎ አነበበ። «አምስት በላይ በአንድ ወረቀት? እኔን ነው እናንተ የምታሞኙት! በላይ አንድ ነው ብያለሁ። አልከፍትም!»

«ያዘዘህ የቱ ነው? ከነዚህ መሀል ጠቁመው!» አለ ዳኛው።

አቤት የተነሳው ጫጫታ! ጸሐፊው ወደ ዳኛው ጠቆመ። ዳኛው ወደ አትክልተኛው ጠቆመ። አትክልተኛው ወደ መርጌታው ሊጠቁም ጀምሮ አፈረና ወደ ድልድዩ ጠቆመ። «አንተ ነህ!» «አንተ ነህ እንጂ!» «ያኔም የአንተ አያት ናቸው!» የአያት የቅድመ አያት ነገር ሁሉ ምንጩ ዳር ተዘረገፈ። መርጌታው አልናገርም አሉ እንደገና፤ አትክልተኛው ምስክርነቴን መልሱ አለ፤ ዳኛው ፊርማዬን አጥፉ አለ፤ ጸሐፊው ወረቀቱን ልቀደው አለ፤ ዘበኛው አልከፍትም አለ፤ አህያዋ ከቆርቆሮው ውስጥ ጮኸች።

ውርንጭላዋ ግን ጡት አላለችም። አንገቷ ይርገዱ ትከሻ ላይ ተዝለፍልፏል።

ይርገዱ ነጠላዋን ፈታች። ውርንጭላዋን ከዘበኛው እግር ሥር አስተኛቻት። አልጮኸችም። እማሆይ ያሏት ነገር ከተራራው ጀምሮ ልቧ ውስጥ ይመላለስ ነበር። በዚህ ሰው ፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ውኃ ቀድታለች።

«ወንድሜ» አለችው። «ይቅርታ አድርግልኝ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም። ስምህ ማን ይባላል?»

ዘበኛው አያት። ይህም ተንኮል እንዳይሆን ተጠራጥሮ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ የተነፋው ደረቱ ቀስ እያለ ወረደ።

«በላይ» አለ። «በላይ ነው ስሜ።»

አራቱ በላዮች የቀሰሩትን ጣት አወረዱ።

«ታዲያ... ያዘዘው በላይ...» አለ ጸሐፊው።

«እኔ ነኛ! በላይ የቆለፈውን በላይ ይከፍተዋል አላልኩም? ሌላ ማን ሊሆን ነው? እኛ አገር ከእኔ በቀር በላይ የሚባል የለም። በላይ በር ሥራ ተገኘልህ ሲሉኝ፣ 'እናቴ፣ የሞክሼዎቼ አገር ልሄድ ነው' ብዬ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ሞክሼ ያለኝ የለም። ስምህ ማነው ያለኝ የለም። 'ዘበኛ' ብቻ።» ዱላውን ከፍ አደረገ። «ዘበኛማ ይሄ ዱላዬም ሊባል ይችላል።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። «ስትቀጠር እኔ ነበርኩ መዝገቡን የያዝኩት» አለ። «ስምህን ብጠይቅህና በላይ ብትለኝ ሌላ ጣጣ ነው ብዬ ፈርቼ ነው። 'ዘበኛ፦ አንድ' ብዬ አለፍኩ።»

ይርገዱ የጸሐፊውን ወሬ አልጠበቀችም። «በል በላይ» አለች። «በላይ የቆለፈውን በላይ ይክፈትልኝ።»

በላይም ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። ሁለት ጊዜ ሳተው። በሦስተኛው ከፈተ።

በላይ ከፈተ፤ አህያዋ ወጣች። አህያዋ ወጣች፤ ውርንጭላዋን አሸተተች። አሸተተች፣ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገቻት፣ እንደገና ገፋ አደረገቻት። አራቱ በላዮችና አምስተኛው በላይ ጎንበስ ብለው ከበቧት። የውርንጭላዋ ጆሮ ተንቀሳቀሰ። የፊት እግሯ ተዘረጋ፤ ተጣጠፈ፤ ተዘረጋ። አትክልተኛው ከኋላ ደገፋት፣ ዳኛው ከጎን ደገፋት፣ መርጌታው ካባቸውን ሰብስበው አንገቷን ያዙላት፣ ጸሐፊው አፏን ወደ ጡቱ መራው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ማንም «ማን ላከህ?» ሳይባባል ነው።

ጠባች።

ይርገዱ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀችም አለቀሰችም። በመጨረሻ አትክልተኛው ለዘበኛው እጁን ዘረጋና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «በል እንግዲህ... ሞክሼ» አለ። የቀሩት አራቱ በላዮች በአንድ ጊዜ ዞረው «አቤት!» አሉ። እስቲ በመንደሩ ያልሰማ ይኖር ይሆን ያን ሳቅ? እማሆይ በላይነሽ እንኳ፣ በዚያ ደካማ ጆሯቸው፣ ተራራው አናት ላይ ሆነው ቀና ብለዋል ይባላል።

ሲስቁ ቆይተው ዘበኛው በላይ ውርንጭላዋን ደባበሳት። «የሷስ ስም ማነው?» አለ።

«ገና አላወጣሁላትም።»

አምስቱም፣ አንዱ ሌላውን በጎን አየው። ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ እያንዳንዱ ይቺ ሴት አሁን በማን ስም ልትጠራት ይሆን ብሎ ጠረጠረ። ይርገዱ ይህን አይታ ጎንበስ አለችና ስሙን ለውርንጭላዋ ጆሮ ብቻ ነገረቻት። እኔም አልሰማሁትም። ብሰማም አልነግራችሁም፤ አላምናችሁማ!

አሁን የያዛችሁትን ስም ልቀቁ። ቆይ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት፦ እዚያ ጥግ ያለው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሰውዬ ማን ይባላል? አታውቁም? ይህን ሁሉ ጊዜ አብራችሁት ተቀምጣችሁ? ምን እኔን ታዩኛላችሁ፣ ጠይቁት እንጂ!